ታቹ የሚታይ ውሃ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ማታ ማታ ይደበዝዝባታል ብላ አብሮ አደግሽ እትዬ የሺ ነግራኛለች፤ ለእኔ ግን አልነገርሽኝም። የእህል ንግድሽ አቧራ ሳይሆን አይቀርም። እብናት ሙቀቱ እንዴት ነው? እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ከጉና የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። እኔም፣ ባለቤቴ ዓይናለምም፣ ልጃችን ሕይወትም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሕይወት ሰባት ዓመቷን ይዛለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ አባታችንን ናት።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። «ሰላም ነኝ፣ አንተስ? በል ካርድህ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ከሠርጌ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው ይህችኑ ነው። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ፊደሉን ያጎላሁት ራስሽ እንድታነቢው ነውና እባክሽ ለሰው ሰጥተሽ አታስነብቢው።

ቤት መግዛታችንን ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከቤቱ ጋር ምን አብሮ እንደመጣ ነው። ቤቱን የሠራው ዓረብ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ነበር። ልጆቼ ለዕረፍት ሲመጡ ይጫወቱበታል ብሎ ጓሮውን አስቆፍሮ የመዋኛ ገንዳ አሠራበት። በደብረ ታቦር ብርድ! ርዝመቱ ስምንት ሜትር ነው፤ ሰማያዊ ሴራሚክ ተለጥፎበታል፤ በአንድ በኩል ለሕይወት ወገቧ ድረስ ነው፣ በሌላው በኩል እኔን ይውጠኛል። ልጆቹ አንድም ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ሰውየውም ቤቱን ሸጦ ሄደ። እኛ ስንገባ ውሃው ሁለት ዓመት ቆሞ እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ደላላው «አፈር ይሙሉትና ድንች ይትከሉበት» አለን። ጎረቤታችን ታደሰ ዓሣ አርባበት አለኝ። ዓይናለም አፈሩን መረጠች። እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየሁት።

ለምን እንዳቆየሁት ለእሷ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ላንቺ ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ወንዛችን ከትልቁ ኮሶ በታች ሰፋ ብሎ የሚተኛበትን ቦታ ታስታውሻለሽ? በጥር ፀሐይ፣ እትዬ የሺ ሰው እንዳይመጣ መንገዱን እየጠበቀች፣ አንቺ ቀሚስሽን ጉልበትሽ ላይ ቋጥረሽ፣ መዳፍሽን ከሆዴ ሥር አድርገሽ። «አትልቀቂኝ» እልሽ ነበር። «አልለቅህም» ትይኛለሽ፤ ስትይ ግን ከለቀቅሽኝ ቆይተሻል። ከዚያ ወጥተን ትኩሱ ድንጋይ ላይ በሆዳችን ተኝተን ከመቀነትሽ የምትፈቺውን የገብስ ቆሎ እንቆረጥማለን። ሴት ልጅ ስትዋኝ ያየ ሰው በአገሩ አልነበረም። አንቺ ከማን እንደተማርሽው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናታችንን በአራት ዓመቴ ብቀብርም እናት እንደሌለኝ ሳላውቅ ያደግሁት በእነዚያ ቀናት ይመስለኛል። እና አፈር ሙላበት ሲሉኝ እጄ እንቢ አለኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያ እንቢታዬ ግን ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዓይናለም ልብስ ታሰጣለች፣ እኔ የጓሮውን በር ማጠፊያ አስተካክላለሁ። ሕይወት ኳሷን እያባረረች ነበር። የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ልጅቷ የለችም። አረንጓዴው ውሃ ላይ ኳሷ ትንሳፈፋለች፣ ዙሪያዋን ውሃው ክብ ክብ እየሠራ ይሰፋል። ዘለልኩ። ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ብገልጥ የራሴን እጅ እንኳ ማየት አቃተኝ። አተላ ውስጥ እንደመግባት ነው። በእጄ ዳሰስኩ፤ ታቹ ዝልግልግ ነው፤ የበሰበሰ ቅጠል ነው። ትንፋሼ አልቆ ወጣሁ፤ ዓይናለም ዳር ቆማ የምትጮኸውን ጩኸት ሰማሁና ተመልሼ ጠለቅሁ። ሁለተኛ ስጠልቅ ጨርቅ ነካሁ። ያን ጊዜ ልክ አጠገቤ እንዳለሽ ሆኖ የተሰማኝ ያንቺ ድምፅ ነው፤ «የሚሰጥም ሰው ከፊት አይያዝም፣ አንቆ ይዞህ ይሄዳል፤ ከኋላ፣ ከማጅራቱ።» ከማጅራቷ ያዝኳት። አወጣኋት። ውሃ አስመልሷት ስታለቅስ ከዚያ ልቅሶ የሚጥም ነገር በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ ዓይናለም አልጮኸችብኝም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ልጅ ባለበት ግቢ ታቹ የማይታይ ውሃ አይቀመጥም። እስከ እንቁጣጣሽ ታቹን አሳየኝ። አለዚያ እኔ ራሴ አፈር አስጭኜ እመጣለሁ» አለች። በማግስቱ አናጢ ጠርቼ ዙሪያውን በእንጨት አሳጠርኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ለእሷ ሰጠሁ። ከዚያ ወደ ውሃው ዞርኩ።

አሁን ሳቂብኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህችማ ለእኔ ምን አላት ብዬ ከገበያ ሦስት ጀሪካን በረኪና ገዝቼ በጠራራ ፀሐይ ገለበጥኩበት። በሦስተኛው ቀን ውሃው ነጣ፤ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ከበፊቱ ብሶ አረንጓዴ ሆነ። ደግሜ ጨመርኩ። ጥቁር ሱሪዬ ከጉልበቱ በታች ቡራቡሬ ሆኖ ቀረ፤ ተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ሲሳሳቁ ምን እንደሚያስቃቸው አውቅ ነበር። ፓምፑን ብከፍተው አጓርቶ ይቆማል። በሰኔ መጀመሪያ ተስፋ ቆረጥኩ።

ያተረፉኝ ጋሽ ዳኛቸው የሚባሉ ሰው ናቸው። ባሕር ዳር የሆቴል ገንዳ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው ያገናኘኝ። በሚኒባስ መጡ፤ አንዲት ቦርሳና አንድ የመፍቻ ሳጥን ይዘው። ገንዳውን አላዩም መጀመሪያ፤ አሸተቱት። «መምህር፣ ምን አበላኸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ፀሐይ ነው የበላልህ። ክሎሪን ጀምበር ስትጠልቅ ነው የሚሰጠው፤ ጥቂት ጥቂት፣ በየቀኑ» አሉ። ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ገንዳ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን «የሚሸተው ስለቆሸሸ ነው። የጠራ ውሃ አይሸትም» አሉኝ። ይህን ከመጽሐፍ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ብርጭቆ ውስጥ ያወቅኩትን ጓሮዬ ውስጥ አላውቀውም ነበር።

ሦስት ቀን እኛ ጋ አደሩ። ፓምፑን ፈቱት፤ ጎማው በስብሶ ኖሯል። የማጣሪያው በርሜል ውስጥ ያለው አሸዋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ውሃ አያሳልፍም፤ በመዶሻ እየሰበርን አወጣነውና ከባሕር ዳር የተነፋ አሸዋ አስመጥተን ቀየርነው። ውሃውን ለምን ሙሉ በሙሉ አንደፋውም ብላቸው፣ ክረምት ላይ ባዶ የተተወ ገንዳን የመሬቱ ውሃ ከሥር እየገፋ ይሰነጥቀዋልና እንደሞላ ነው የሚታከመው አሉኝ። ጠዋት ቅጠሉ ሳይሰምጥ በመረብ መልቀም፣ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ፣ መብራት ባለ ጊዜ ሁሉ ፓምፑን ማስነሳት፣ ውሃውን በብልቃጥ ቀድቶ ጠብታ እየጨመሩ ከቀለሙ መለካት። ማታ ማታ ደብተር አስይዘው ያጽፉኝ ነበር፤ እንደ ተማሪ። ሊሄዱ ሲሉ ዓይናለም ክፍያቸውን በፖስታ ስትሰጣቸው «እመቤቴ፣ በክረምቱ አትፍረጂበት» አሏት። ስለ ውሃው ይሁን ስለ እኔ አልገባኝም።

ክረምቱ ግን አልራራልኝም። መብራት በሄደ ቁጥር ፓምፑ ይቆማል፣ ውሃው ይደፈርሳል። የታደሰ ባሕር ዛፍ ቅጠሉን በአጥራችን ላይ እያራገፈ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በረዶ ጣለና ገንዳው ፈንዲሻ የፈሰሰበት የድግስ ትሪ መሰለ። እንቁራሪቶች ከየት እንደሚመጡ እንጃ፤ በየጠዋቱ አራት አምስቱን በመረብ አውጥቼ ከአጥር ውጭ እሸኛቸዋለሁ፤ ማታ ተመልሰው ይጮሃሉ። ደግሞ ውሃውን በግልባጭ ሰድጄ ማጣሪያውን ሳጥብ የሚወጣውን ክሎሪን ያለበት ውሃ ወደ ዓይናለም መደብ ለቅቄው የጎመን ችግኟ በሙሉ ተቃጠለ። እኔም ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን እፈትጋለሁ። እጄ ተላጠ። ግን እታለም፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ከውሃ ጋር ብቻዬን ስሆን አንቺን አስባለሁ። ሠርጌን አስባለሁ። ሌላ ሥራ ላይ ብሆን ከራሴ ጋር እንዲህ አልቀመጥም ነበር።

ጳጉሜ ሁለት ቀን ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መረቤን ይዤ ስወጣ ታቹ ታየኝ። ሰማያዊው ሴራሚክ፣ መጋጠሚያው፣ ከታች ያለችው የብረት ወንፊት፣ ሁሉም። ዓይናለምን ቀሰቀስኳት። በሌሊት ልብሷ ጋቢ ደርባ መጣችና ጥልቁ ጋ ቁጢጥ አለች። የወንፊቷን ቀዳዳዎች በጣቷ እየጠቆመች መቁጠር ጀመረች። «አሥራ ሁለት» አለችና ተነሣች። ስለ አፈር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም።

ጥቅምት ላይ ውሃውን ቀን ቀን በጥቁር ላስቲክ ሸፍኜ ፀሐይ አስመታሁት። ቢሞቅም ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሕይወት መጀመሪያ አልገባም ብላ አለቀሰች፤ ግንቦትን አልረሳችም። ዳር ተቀምጠን እግራችንን ነክረን ብቻ ስንት ቀን እንደዋልን! ከዚያ መዳፌን ከሆዷ ሥር አደረግሁ። «አባዬ፣ አትልቀቀኝ» አለች። «አልለቅሽም» አልኳት። ለቀቅኋት።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ለሚከተለው ድፍረት እንዲሆነኝ ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እትዬ የሺ ለቤቱ የእንኳን ደስ ያላችሁ ይዛ መጣች። ሕይወት ዋናዋን ላሳይሽ ብላ እጇን ጎትታ ወሰደቻት። ልጅቷ ከዳር ዳር ስትሻገር እትዬ የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የደነገጠች መስሎኝ «አይዞሽ፣ ታቹ ይታያል፣ እኔም አለሁ» አልኳት። «እህትህ ይህችን ልጅ አይታታለች?» አለችኝ። ፎቶዋን ልኬላታለሁ አልኳት። «ፎቶ!» አለች። ከዚያ «አስምላኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም» ብላ ነገረችኝ።

ነገሩ የሆነው በአራተኛ ክፍል ማጠቃለያ ፈተናዬ ቀን ነው። ሰኔ። ጉና ላይ ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቀሩ። አንቺ ከተዳርሽ ዓመት አልሞላሽም፤ ከባልሽ ቤት ሳይነጋ መጣሽ። ደብተሬን በሻሽ ራስሽ ላይ አሠርሽ፣ እኔን እሽኮኮ አደረግሽ፣ እትዬ የሺ ወገብሽ ላይ ያሠርሽውን ገመድ ዳር ላይ ይዛ ቆመች። መሐል ላይ አንድ ግንድ ሲመጣ አይቻለሁ። እኔን ወደ ላይ ገፍተሽ አንቺ በሆድሽ ተቀበልሽው። ድምፅ አላወጣሽም። ማዶ አድርሰሽኝ ደብተሬን ፈትተሽ ሰጠሽኝና «ሩጥ» አልሽኝ። ሮጥኩ። ዞር ብዬ አላየሁም። በርጥብ ልብሴ ተፈትኜ አንደኛ ወጣሁ።

እኔ እስከዚህ ነበር የማውቀው። የቀረውን እትዬ የሺ ነገረችኝ። እኔ ከዓይን ስርቅ አሸዋው ላይ ተቀምጠሽ መነሣት እንዳቃተሽ። ጎርፉ እስኪጎድል ማዶ ለማዶ እየተያያችሁ እንደዋላችሁ፤ እሷ መሻገር አትችል፣ አንቺ መነሣት አትችይ። የአራት ወር እርጉዝ እንደነበርሽ። ከዚህ በላይ አልጽፈውም፤ አንቺ ሠላሳ ዓመት ያልተናገርሽውን እኔ ወረቀት ላይ አላወጣውም። «እንዳይሰማ፤ ከሰማ ትምህርቱን ይተዋል» ብለሽ አስማልሻት። ለሰው ሁሉ ብርድ መታኝ ብለሽ ሁለት ሳምንት ተኛሽ። እኔ ውጤቴን ላሳይሽ እየሮጥኩ መጥቼ መደብሽ ላይ ዘልዬ መውጣቴ ትዝ ይለኛል። ወረቀቱን ተቀብለሽ ሳምሽልኝ። ፊትሽ አመድ መስሎ ነበር፤ እኔ ግን ያየሁት ሳቅሽን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ጥር ነው እንግዲህ ዋና ያስተማርሽኝ። «ሁልጊዜ ጀርባዬን አልሰጥህም፤ ራስህ ተሻገር» ስትይኝ ጎበዝ ስለሆንኩ መስሎኝ ኮራሁ። ባልሽ በአምስተኛው ዓመት አትወልድም ብሎ ሲፈታሽ ደብረ ታቦር አዳሪ ሆኜ እማር ነበር። ልብስሽን በአንድ ከረጢት ይዘሽ እብናት ወርደሽ እህል መነገድ ጀመርሽ፤ ከመጀመሪያው ትርፍሽ የላክሽልኝ ሹራብ ነበር። እኔ ያኔም አልጠየቅኩሽም።

ስለ ሠርጌም ልጻፍ። የወላጅ ጉልበት ሳሙ ሲባል፣ ሽማግሌዎቹ በእናታችን ቦታ የአባታችንን የአጎት ልጅ ሚስት አስቀመጡ። አንቺ ከአዳራሹ ኋላ በአዲሱ ቀሚስሽ ቆመሽ ነበር። «እህትየዋስ?» ሲባል አንዱ ሽማግሌ «ያልወለደች ሴት በእናት ቦታ አትቀመጥም» ሲል ሰምቻለሁ። አንቺም ሰምተሻል። ተያይተናል። እኔ ጎንበስ ብዬ የዚያችን ሴት ጉልበት ሳምኩ። በማግስቱ ስፈልግሽ በሌሊት ወጥተሽ ሄደሻል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቂም ይዛብኛለች እያልኩ ለራሴ አወራሁ፤ የጠፋሁት እኔ እንጂ አንቺ አልነበርሽም። ያን ቀን ያንን አፍ ዝም ማሰኘት የምትችይበት አንድ ቃል በእጅሽ ነበር። ለእኔ ስትይ አልተናገርሽውም።

ለዓይናለም ሁሉንም ነገርኳት። ተነሥታ በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ክፍል ጠርጋ አልጋ ዘረጋችበት። ሕይወትም ሥዕል ሥላ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች፤ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ትንሽ ሰው ውሃ ውስጥ ናቸው። ትልቁ እኔ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ቀሚስ አለው።

የፊታችን ቅዳሜ ሦስታችንም እንመጣለን። እትዬ የሺ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ለገበያ ስትወርድ ታደርስልሻለች፤ እንድትዘጋጂ አይደለም፣ እንዳትደነግጪ ነው። በሩን ብትዘጊውም አልቀየምሽም፤ እስክትከፍቺ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ። ስትወጪ የገበያው ሰው ሁሉ እያየ ጉልበትሽን እስማለሁ። ከዚያ ብትመጪ አብረን እንመለሳለን፤ ባትመጪም በየቅዳሜው እመጣለሁ፤ መንገዱን አልረሳሁትም።

እስከዚያ ጌታ ዓይንሽን ያብራልኝ፣ ዕድሜሽን እንደ ጉና ያቁምልኝ፣ ለእኔ ያፈሰስሽውን በሕይወት ይካስሽ። ዓይናለም ከወገቧ ዝቅ ብላ ሰላም ትልሻለች።

ልጅሽ